ስለ ሞተር ሳይክል አደጋ
(በሠፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



በሞተር ወጥተው የቀሩብንን ልጆች ድንኳን ጥለን ሸኝተናል፤ ንፍሮ ቀምሰን ወደየቤታችን ገብተናል። ከዚያስ? ምንም።

የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከባድ መኪና ቀን ከሌት አያርፍበትም። የደብረ ብርሃንን የማለዳ ጉም የማያውቅ የለም። አስፋልቱ ሲረጥብ ፍሬን ቢይዙም ጎማው ይንሸራተታል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ለብርዱ የምንደርበው ጋቢም ጠላት ነው፤ ተፈናጥጠን ሳለ ጫፉ ከኋላ ጎማ ከገባ ጎትቶ ይጥለናል። ጫፉን ሰብስቦ መቀመጥ እኮ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሄልሜት እንኳ ጥቅሙ የተጠናው ከአንድ ሰው ሞት ተነሥቶ ነው። የአረቡ ሎረንስ የተባለው ዝነኛ የእንግሊዝ መኮንን በ1927 ዓ.ም. ሁለት ባለብስክሌት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከሞተሩ ወድቆ ከ6 ቀን በኋላ ሞተ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ፣ ኬርንስ የሚባለው፣ ነገሩን ሲያጠና ቆይቶ በ1934 ዓ.ም. ውጤቱን አወጣ፤ የእንግሊዝ ጦርም ባለሞተር መልእክተኞቹ ያለ ሄልሜት እንዳይነዱ አዘዘ። የእኛዎቹ ግን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለውት ይሄዳሉ፤ አንጎል በክርን ያለ ይመስል! ማሰሪያውም አገጭ ሥር ካልተቆለፈ ሲወድቁ ይወልቃል። ለሚፈናጠጠውም ሰው ሁለተኛ ይያዝለት።

አሁን ሁላችንም ብድግ ብለን፣ ላጣናቸው ልጆች የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ።