ስለ ስፓጌቲ የተደረገ ንግግር



ስለ ስፓጌቲ ልንናገር መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «አባቶቻችን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል ተዋግተው ያስወጡት ጠላት የሚበላውን ማመስገን ነውር አይደለምን?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ከታሪክ እንፈልግ።

ብዙ ሰው ፓስታን ማርኮ ፖሎ ከቻይና አመጣው ይላል። ማርኮ ፖሎ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1295 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን አል ኢድሪሲ የተባለው የዐረብ ሊቅ በ1154 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ፥ በሲሲልያ ደሴት በትራቢያ ፓስታ እየተሠራ ወደ እስላሙም ወደ ክርስቲያኑም አገር በመርከብ እንደሚላክ ገልጾ ነበር። የስጎው ቲማቲምም የመጣው ከአሜሪካ ነው።

የናፖሊ ድኾች ፓስታን ከመንገድ ሻጭ እየገዙ፥ ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው በእጃቸው ይበሉት ነበር። ዛሬ ኢጣልያኖች ስፓጌቲን ጨው በገባበት ብዙ ውኃ ይቀቅሉታል፤ ጥርስ ሲነክሰው ጥቂት ጠንከር እንዳለም ያወጡታል። ይህን «አል ዴንቴ» ይሉታል። ከስጎው ጋር ካዋሐዱት በኋላ ሳይቈርጡ በሹካ እየጠቀለሉ ይበሉታል። እኛ ደግሞ በርበሬ ጨምረንበት በእንጀራ እንጐርሰዋለን።

እንግዲህ ስፓጌቲ የወራሪ ሥራ ሳይሆን የገበሬው፥ የመርከበኛውና የድኻው የድካም ፍሬ ነው። የአባቶቻችንን ደም አንረሳም፤ ስንዴውን ግን አንከስም።