ድምፅ ሲዘገይና ሲንጣጣ፦ በቤት ውስጥ መቅጃ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያጋጥም ችግርና የምርመራው ሥርዐት



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ የተነሣው ከመጻሕፍት ይልቅ ከመኖሪያ ሰፈሮቻችን ነው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ በላምበረት መናኸሪያ ዙሪያ ባሉ የኪራይ ክፍሎች ውስጥ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይዘው፣ ግድግዳቸውን በስፖንጅ ሸፍነው ሙዚቃ፣ መዝሙርና ትረካ የሚቀዱ ወጣቶች አሉ። ከእነዚህ ወጣቶች የምሰማው አቤቱታ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው «ስዘፍን ድምፄ ዘግይቶ ይሰማኛል» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ቅጂው እሳት ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል» የሚል ነው። መደምደሚያቸው ግን አንድ ነው፤ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ሌላ መግዛት አለብኝ» ይላሉ።

ይህ መደምደሚያ ምርመራን የቀደመ ፍርድ ነው። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረውም ሁለቱ ችግሮች ከየት እንደሚመነጩ፣ በምን ቅደም ተከተል ሊመረመሩ እንደሚገባቸውና አብዛኛው መፍትሔ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ መሆኑን ነው።

ነገሩን በታሪክ ብናየው መዘግየት አዲስ ችግር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን ሲያስቀዱ፣ የድምፃቸው ንዝረት ራሱ መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሚዞረው ዝርግ ላይ ይቀረጽ ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁመው የዘመኑን ሙዚቃ በሸክላ ማሳተም ሲጀምሩም፣ ድምፃዊው የራሱን ድምፅ ለመስማት የማንንም ስሌት አይጠብቅም ነበር። ዛሬ ግን በድምፃዊውና በጆሮው መካከል ኮምፒውተር ገብቷል። ኮምፒውተር ደግሞ ምንም ፈጣን ቢሆን፣ ለማሰብ ጊዜ ይፈልጋል።

እንግዲህ የድምፁን ጉዞ ደረጃ በደረጃ እንከተል። ማይክሮፎኑ የአየሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ኢንተርፌሱ ያንን ኤሌክትሪክ በእያንዳንዱ ሰከንድ ለምሳሌ 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። ኮምፒውተሩ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ አይቀበልም፤ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ሌላ ሥራውን እያቋረጠ መነሣት አይችልምና። ስለዚህ ናሙናዎቹ ባፈር በሚባል ማቆያ ውስጥ ተጠራቅመው በጥቅል በጥቅል ይተላለፋሉ።

ባፈርን ለመረዳት በየቤታችን ያለውን ሮቶ ማሰብ ይበቃል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ሮቶው ትልቅ ከሆነ፣ የመንገዱ ውኃ ለቀናት ቢቋረጥም ቧንቧው አይደርቅም። ነገር ግን ዛሬ የገባው ውኃ፣ ቀድሞት የተጠራቀመው ተቀድቶ እስኪያልቅ ድረስ ተራው አይደርሰውም። በሮቶው ፋንታ አንድ ጀሪካን ብቻ ብናስቀምጥ አዲሱ ውኃ ቶሎ ይደርሰናል፤ ጥቂት መቋረጥ ሲያጋጥም ግን ወዲያው እንጠማለን። መዘግየት የትልቁ ሮቶ ዋጋ ነው፤ መንጣጣት የትንሹ ጀሪካን ዋጋ ነው። አንዱን ስንቀንስ ሌላውን የምንጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የባፈሩን የናሙና ብዛት በሰከንድ ለሚወሰደው የናሙና ብዛት ማካፈል ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚወሰድበት ጊዜ፣ የ64 ባፈር 1.3 ሚሊሰከንድ፣ የ128 ባፈር 2.7፣ የ256 ባፈር 5.3፣ የ512 ባፈር 10.7፣ የ1,024 ባፈር ደግሞ 21.3 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ድምፁ ሲገባም ሲወጣም በማቆያ ስለሚያልፍ ይህ ቁጥር ቢያንስ በእጥፍ ይታሰባል። በዚያ ላይ መለወጫዎቹና ድራይቨሩ የሚጨምሩት ጊዜ አለ።

እነዚህ ቁጥሮች ለጆሮ ምን ማለት ናቸው? ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። የ256 ባፈር የደርሶ መልስ መዘግየት፣ ማለትም 10.7 ሚሊሰከንድ፣ ከ3 ሜትር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ነው። በማሕሌት ላይ ትይዩ የቆሙ መዘምራን ከዚህ በላይ ተራርቀው ከበሮውንና ጸናጽሉን ሳያዛንፉ ሲያገለግሉ እናያለን። ታዲያ ይኸው መጠን በስቱዲዮ ውስጥ ያለውን ድምፃዊ ለምን ያውከዋል? ምክንያቱ ድምፃዊው የራሱን ድምፅ በሁለት መንገድ መስማቱ ነው። አንደኛው በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ወዲያው ይደርሰዋል፤ ሁለተኛው በጆሮ ማዳመጫው በኩል ዘግይቶ ይመጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ አንዳንዱ ሞገድ ይጎላል፣ አንዳንዱ ይጠፋል፤ ድምፁም በባዶ ጣሳ ውስጥ እንደሚነገር ይሆንበታል።

ለዚህ ችግር አቋራጭ መፍትሔው ብዙ ጊዜ በኢንተርፌሱ ላይ የሚገኝ አንድ ማብሪያ ነው። ማብሪያው የማይክሮፎኑን ድምፅ ኮምፒውተሩን ሳያስዞር በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ይልካል። እርሱን አብርቶ፣ በመቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የራስ ማዳመጫ መዝጋት ነው። ያን ጊዜ ባፈሩ 1,024 ቢሆንም ድምፃዊው መዘግየቱን አይሰማውም። በብሉቱዝ የሚሠራ የጆሮ ማዳመጫ ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚጨምር ለቅጂ ሥራ አይሆንም።

ድራይቨርም የራሱ ድርሻ አለው። በዊንዶውስ ላይ የተለመደው የድምፅ መንገድ የልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን ድምፅ እያደባለቀ ስለሚያሳልፍ ጊዜ ይፈጃል። ሽታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው አሲዮ ይህን መንገድ ለማቋረጥ የተበጀ ነው። ስለዚህ ኢንተርፌሱ ከአምራቹ የወጣ የራሱ የአሲዮ ድራይቨር ካለው፣ በመጀመሪያ እርሱን መጫን ይገባል።

አሁን ወደ መንጣጣቱ ልሻገር። ብዙ ተማሪዎች «ሲፒዩው ከ30 በመቶ በላይ አይሠራም፤ ታዲያ ለምን ይንጣጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ በአማካይና በቀጠሮ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማለዳ ከመናኸሪያው የሚነሣ አውቶቡስ ያለበት መንገደኛ፣ ከቤቱ መናኸሪያው ለመድረስ በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ማወቁ አያድነውም፤ በዚያች ዕለት መንገዱ ከተዘጋጋ አውቶቡሱ ጥሎት ይሄዳል። ድምፅም እንዲሁ ነው። በ256 ባፈር ኮምፒውተሩ በየ5.3 ሚሊሰከንዱ አንድ ጥቅል አሰናድቶ ማስረከብ አለበት። ሺህ ጊዜ በ1 ሚሊሰከንድ ጨርሶ አንድ ጊዜ በ6 ሚሊሰከንድ ቢጨርስ፣ አማካዩ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በዚያች አንዲት ጊዜ ሞገዱ ተበጥሶ «ጣ!» ይላል። የሲፒዩው መለኪያ የሚያሳየን አማካዩን ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ግን የከፋውን ነው።

ይህን መዘግየት የሚያመጣው ምንድን ነው? አንዱ ምንጭ ከቅጂ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ድራይቨር ነው፤ የዋይፋይ፣ የባትሪ ወይም የስክሪን ካርድ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው የኃይል ቁጠባ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ዩኤስቢው ሲያሸልብ። ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ መተንፈሻው ሲታፈን ራሱን ለማዳን ይዘገያል። አራተኛው በአንድ ትራክ ላይ ተደራርበው የተጫኑ ፕለጊኖች ናቸው። አንዱ የሌላውን ውጤት ስለሚጠብቅ ሥራው ለብዙ ኮሮች አይከፋፈልም፤ ኮምፒውተሩ ስምንት ኮር ቢኖረውም ሸክሙ በአንዱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ተቀድተው ያለቁትን ትራኮች ከነፕለጊናቸው ወደ ድምፅ ፋይል ለውጦ ማስቀመጥ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ከላምበረት መናኸሪያ ብዙ በማይርቅ ክፍል ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት፣ ማሲንቆ ሲቀዳ በየጥቂት ሰከንዱ ይንጣጣበት ነበር። ባፈሩን ከ128 ወደ 512 ስናሳድገው መንጣጣቱ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። መቀነሱ ጉዳዩ የጊዜ እንጂ የገመድ አለመሆኑን አመለከተን። አለመጥፋቱ ደግሞ አልፎ አልፎ ፕሮሰሰሩን ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ነገር መኖሩን ጠቆመን። ሌተንሲሞን የተባለውን መመርመሪያ ፕሮግራም ለአሥር ደቂቃ ስናስኬድ፣ ከሁሉ የበለጠውን ጊዜ የያዘው የዋይፋዩ ድራይቨር ሆኖ ተገኘ። ዋይፋዩን ዘጋን፤ ባፈሩን ወደ 128 ብንመልሰውም ድምፁ ጠራ። ለአዲስ ኮምፒውተር ያሰበው ገንዘብ በኪሱ ቀረ።

ከሳምንት በኋላ ግን «ተመልሶብኛል» ብሎ ደወለ። መቼ መቼ እንደሚመለስበት እንዲጽፍ ነገርኩት። ማስታወሻው ሲታይ መንጣጣቱ የተመለሰው ሁልጊዜ መብራት በጠፋበት ሰዓት ነበር። ላፕቶፑ መብራት ሲጠፋ ሥራውን አላቋረጠም፤ ወደ ባትሪ ተሻግሮ ኃይል መቆጠብ ጀመረ እንጂ። በዊንዶውስ ላይ የባትሪው ሥርዐት ከቻርጀሩ ተለይቶ ስለሚስተካከል፣ ሁለቱንም ለይቶ ማስተካከል ያስፈልግ ነበር። የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን እንደ ጥቃቅን ጉዳይ ያልፉታል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ቀዳሚ ተጠርጣሪ ሊሆን ይገባዋል።

ከመብራት ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር ላንሣ። በአገራችን የመብራቱ ሞገድ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ከመሬት ማያያዣ ጉድለት የሚመጣው ጩኸት በ50 እና በ100 ኸርዝ አካባቢ የሚሰማ የማያቋርጥ እምምታ ነው። እምምታ ከመንጣጣት ይለያል፤ ባፈር ቢቀያየር አይነቃነቅም። ቻርጀሩ ሲነቀል ከጠፋ ምንጩ ታውቋል። ይሁንና ጩኸቱን ለማጥፋት ብሎ የመሬት ማያያዣውን እግር መቁረጥ ለሕይወት አደገኛ ነውና ፈጽሞ አይደረግ።

ከዚህ ተነሥቼ የምርመራውን ቅደም ተከተል በአራት ጥያቄዎች ላጠቃልል።

አንደኛ፣ መንጣጣቱ በፋይሉ ውስጥ ነው ወይስ በማዳመጫው? ባፈሩን ወደ 1,024 አሳድጋችሁ ያንኑ ቅጂ ሁለት ጊዜ አዳምጡ። በአንድ ቦታ ላይ ከተደጋገመ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፤ ቦታ ከቀያየረ ወይም ከጠፋ ፋይሉ ጤናማ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞገዱ ምን ይመስላል? አጉልታችሁ ስታዩት ድንገት ተበጥሶ ከዘለለ ናሙና ጠፍቷል። ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ድምፁ ሲገባ ከመጠን በላይ ጎልቷል፤ ይህን የሚፈውሰው የማይክሮፎኑን መጠን መቀነስ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ባፈሩ በእጥፍ ሲያድግ ችግሩ ይቀንሳል? ከቀነሰ ጉዳዩ የጊዜ ነው። ካልቀነሰ ገመዱን፣ የዩኤስቢ ማካፈያውንና የናሙናውን ፍጥነት መርምሩ። በ44,100 የተቀዳ ድምፅ በስሕተት በ48,000 ከተነበበ አንድ ተኩል ግማሽ ቃና ያህል ከፍ ይላል፤ ከክራሩም ከድምፃዊውም ጋር ሳይስማማ ይቀራል።

አራተኛ፣ መዘግየቱ በትክክል ስንት ነው? በፕሮግራሙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ከኢንተርፌሱ መውጫ ወደ መግቢያው ገመድ አገናኝታችሁ አንድ አጭር «ጠቅ» የሚል ድምፅ አጫውቱና መልሳችሁ ቅዱት። በሁለቱ መካከል ያሉት ናሙናዎች 720 ከሆኑ፣ ለ48,000 ስታካፍሉት 15 ሚሊሰከንድ ታገኛላችሁ።

በሁሉም ላይ አንድ ሕግ ይጸናል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ውጤቱንም ጻፉ። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢጠፋለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ሲመለስበትም ከዜሮ ይጀምራል።

በመጨረሻ፣ ይህ ነገር ከቴክኒክ በላይ የሚሆንበትን ምክንያት ልናገር። ከመካከላችሁ የቃል ቅርሶቻችንን የምታጠኑ አላችሁ። በገናን ለአብነት እንውሰድ። ዐሥሩ አውታሮች በብርኩማው ላይ ሲያርፉ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገቡባቸዋል፤ ያ የምናውቀው ነዛሪ ድምፅ የሚወለደው ከእነርሱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ንዝረቱን እንደ ብልሽት ቆጥሮ በድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ሊፍቀው ይችላል፤ በዚያው ፋይል ውስጥ የገባውን እውነተኛ መንጣጣት ደግሞ የመሣሪያው ጠባይ መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ሁለቱንም ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ የሚገኘው መሣሪያውንም ኮምፒውተሩንም ካጠና ሰው ነው።

ስለዚህ አንድ አረጋዊ ደርዳሪ ፊታችሁ ሲቀመጡ ባፈሩን ወደ 1,024 ከፍ አድርጉ፤ ቀጥታ ማዳመጫውን አብሩ፤ ፕለጊኑን ሁሉ ዝጉ፤ ዋይፋዩን አጥፉ፤ ላፕቶፑን ለባትሪም ለቻርጀርም አዘጋጁ፤ አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ አዳምጡ፤ ከዚያ በኋላ ጀምሩ። ዘፈን ቢበላሽ ነገ ይደገማል። የአንድ ሊቅ ዜማ ግን ነገ የሚደግመው ላይኖር ይችላል፤ ያልተቀዳችውንም ናሙና ምንም ፕሮግራም አይመልሳትም።