የጸራቢው ልጅ

ዛሬ አንድ አባት ላስታውሳችሁ። ሙያው አናጢ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ጸራቢ ይለዋል። ስሙ ዮሴፍ፣ ከተማው ናዝሬት።

አራቱንም ወንጌላት አገላብጣችሁ እዩ፤ ዮሴፍ የተናገረው ቃል አታገኙም። አንድም! የተጻፈለት ሥራው ነው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል እንደሚፈልግ በሕልም ሲነገረው እስኪነጋ አልጠበቀም፤ በዚያው ሌሊት እናትና ልጁን ይዞ ወደ ግብፅ ሄደ (ማቴ. 2፥14)። በሰው አገር ሥራ ፈልጎ ቤተ ሰብ ማሳደር ቀላል ነው እንዴ? ስደት የቀመሰ ያውቀዋል።

ሀብታምም አልነበረም። ወደ መቅደስ ሲወጡ መሥዋዕታቸው ወፎች ነበሩ፤ ይህም በሕጉ ጠቦት መግዛት ላቃተው የተፈቀደ ነው (ሉቃ. 2፥24፤ ዘሌ. 12፥8)። ልጁ በ12 ዓመቱ በጠፋ ጊዜ ግን ከማርያም ጋር ተጨንቆ ፈልጎታል። በማርቆስ 6፥3 ደግሞ የአገሩ ሰዎች ጌታን ራሱን ጸራቢ ይሉታል። ሙያውን ማን ያስተማረው ይመስላችኋል?

ከዚያ ወዲያ ዮሴፍ አይታይም። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ አደራ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)፤ ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ዮሴፍ ቀድሞ አርፏል ይላሉ፤ እኔም እንዲሁ ይመስለኛል።

አባትህን በቅርቡ የቀበርህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ መጋዙና መዶሻው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያዩት ሆድ ይብሳል፣ አይደል? ሰው «በቃ፣ ይብቃህ» ይልሃል። አንተ ግን ተንበርክከህ ስለ አባትህ ለኢየሱስ ንገረው። የአናጢ ቤት ያውቃል።