የበጋ ልብስ ለበሰሉ እመቤቶች
(በራዲዮ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ልብስ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ልጃገረዶች ጌጥ ወይም ስለ ሠርግ ልብስ ለመናገር አላሰብንም። አርባና አምሳ ዓመት የሞላቸው፣ ልጅ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ በየመሥሪያ ቤቱም የሕዝብ ሥራ የሚሠሩ እመቤቶች በሙቀት ወራት ምን ቢለብሱ ይሻላቸዋል? የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ምሳሌ የምናመጣውም ከፈረንሳይ አገር ነው። በዚያ አገር የልብስን ሥራ በዓለም ካስታወቁት ሰዎች መካከል በዕድሜ የበሰሉ ሴቶች ይገኛሉና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። ቤታቸው በቱላ፣ መሥሪያ ቤታቸው ግን በመሀል ሐዋሳ የሆነ አንዲት እመቤት እናስብ። በየካቲት ወር በማለዳ ከቤት ሲወጡ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ወፍራም ሹራብ ይደርባሉ። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ወራት እኩለ ቀን ሲደርስ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። እመቤቲቱ ሹራባቸውን እንዳያወልቁ ከውስጥ የለበሱት ልብስ ብቻውን ለመሥሪያ ቤት የሚሆን አይደለም፤ እንዳያወልቁትም እንዳይተዉትም ሆነው ቀኑን በጭንቀት ይገፉታል።

በዚህ ላይ በአደባባይ የማይነገር አንድ ነገር ይጨመርበታል። ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ የወር አበባ ይቋረጣል፤ በዚያም ዘመን ብዙዎች ሴቶች ድንገት ከደረት ወደ ፊት የሚወጣ ሙቀት ይሰማቸዋል፤ ላብም ያጠምቃቸዋል። ይህ በሽታ ሳይሆን የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። ሆኖም እመቤቲቱ በስብሰባ መካከል ላባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ወጣቱ ጸሐፊ ሰው የፈሩ ይመስለዋል፤ እርሳቸውም ምክንያቱን ለማንም አይናገሩም። እንግዲህ የልብስ ነገር ለቅንጦት ብቻ የሚነሣ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል፤ የጤናም የክብርም ጉዳይ ነው።

ከዚህ ችግር ለመውጣት ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ግን አያዋጡም። የመጀመሪያው፣ ሴት በዕድሜ ስትገፋ ጥቁርና ከባድ ልብስ ለብሳ ከዓይን ገለል ማለት ይገባታል የሚለው ልማድ ነው። ሁለተኛው ከውጭ አገር በሥዕልና በፊልም የታየውን ሁሉ እንዳለ ማምጣት ነው። በሁለተኛው መንገድ የሚሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ፈረንሳዮች የሙቀት ወራት ልብስ የሚሉት ለሐምሌና ለነሐሴ የተሰፋውን ነው። በእኛ አገር ግን ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የሚጥልባቸው፣ ጭቃ የሚበዛባቸው ወራት ናቸው። የፓሪስን የሐምሌ ልብስ በሐምሌ ለብሶ የወጣ ሰው ብርድ ይመታዋል። ስለዚህ ከፈረንሳይ የምንወስደው ወሩንና መልኩን ሳይሆን ዘዴውን ሊሆን ይገባል። ዘዴውም በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል፤ በጨርቅ፣ በአቆራረጥና በቁጥር።

ከጨርቅ እንጀምር። በ1783 በፓሪስ በተከፈተው የሥዕል ኤግዚቢሽን ላይ፣ ኤሊዛቤት ቪዤ ለ ብሩን የተባሉት ሠዓሊ የንግሥት ማሪ አንቷኔትን ሥዕል አቅርበው ነበር። ንግሥቲቱ በሥዕሉ ላይ የለበሱት እንደ ወትሮው ከባድ ሐር ሳይሆን ስስ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ነበር፤ ወገባቸውም በቀጭን መታጠቂያ ታስሯል። ተመልካቹ ሕዝብ ንግሥት በውስጥ ልብስ ታየች ብሎ አጉረመረመ፤ ሥዕሉም ተነሥቶ የሐር ቀሚስ በለበሱበት በሌላ ሥዕል ተተካ። ልብሱ ግን አልቀረም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነጭ የጥጥ ቀሚስ በአውሮፓ የሴቶች ተወዳጅ ልብስ ሆነ። ልብ በሉ፤ ነጭ የጥጥ ቀሚስ በመቀነት ታጥቆ መውጣት በእኛ አገር የእናቶች የዘወትር ልብስ ነው። ለቬርሳይ ቤተ መንግሥት እንግዳ የሆነው ነገር ለመንዝና ለጎጃም ባልቴት እንግዳ አይደለም።

የጥጥ ጥቅም በዓይን ብቻ የሚታይ አይደለም። ጥጥ ከአየሩ ከክብደቱ 8 ከመቶ የሚያህል እርጥበት ለመያዝ ይችላል። በ1941 በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው ፖሊስተር ግን ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይዝም። ላብ በፖሊስተር ላይ ሲያርፍ የሚጠጣው ስለማያገኝ ገላ ላይ ይቀራል፤ ልብሱም ከሰውነት ጋር ይጣበቃል። ፈረንሳዮች ከጥጥ ሌላ ለሙቀት ወራት የሚመርጡት የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ ይህም በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ስሙን የምናውቀው ነው። የተልባን ጭረት ለጨርቅ በማምረት ፈረንሳይ በዓለም ቀዳሚ ስትሆን፣ ከሚታወቁት የምርት ስፍራዎቿ አንዱ የኖርማንዲ ምድር ነው። እኛ ተልባን የምናውቀው በፍሬው ነው፤ በጾም ወራት እንጠጣዋለን፣ በእንጀራም እንበላዋለን።

በዚያው በኖርማንዲ ባሕር ዳር፣ ዶቪል በምትባል የመዝናኛ ከተማ፣ ጋብርኤል ሻኔል በ1913 አንድ ሱቅ ከፈቱ። በዚያ ዘመን የከበሩ ሴቶች ለባሕር ዳር እንኳ የሚለብሱት ወገብን አጥብቆ የሚያስር ልብስ ነበር። ሻኔል ግን ለወንዶች የውስጥ ልብስ ይሠራበት የነበረውን ለስላሳ የሹራብ ጨርቅ ወስደው ሰፋ ያለ፣ ኪስ ያለው፣ እጅ የሚያንቀሳቅስ ልብስ ሰፉበት። ዋናው ትምህርታቸው ልብስ ለሴቲቱ እንዲመች እንጂ ሴቲቱ ለልብሱ እንድትጨነቅ አይገባም የሚል ነበር። የልብስ ስፌት ቤታቸውን በ1939 ዘግተው ከቆዩ በኋላ በየካቲት 1954 እንደገና ሲከፍቱ ዕድሜያቸው 70 ዓመት ነበር። የፓሪስ ጋዜጦች ብዙም ሳይቀበሏቸው ቀሩ፤ የአሜሪካ ሴቶች ግን ልብሳቸውን ወደዱት። ሻኔል በጥር 1971 በ87 ዓመታቸው እስከ ሞቱ ድረስ መቀሳቸውን አላስቀመጡም። እንግዲህ አምሳ ዓመት የሞላት ሴት የልብስ ነገር አልፎባታል የሚል ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ ይመልከት።

ሁለተኛው ነገር አቆራረጥ ነው። በዕድሜ የበሰለ ሰውነት የሃያ ዓመት ሰውነት አይደለም፤ ወገብ ይሰፋል፣ ክንድ ይወፍራል። ይህን ለመሸሸግ ብዙ ጨርቅ መከመር ሰውነትን ይበልጥ ያገዝፈዋል፤ ማጥበቅም ያስጨንቀዋል። መካከለኛው መንገድ ትከሻ ላይ በልክ የሆነ፣ ከደረት በታች ሳይጣበቅ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ እጅጌው እስከ ክርን፣ ርዝመቱም ከጉልበት በታች የሆነ ቀሚስ ነው። አየር በልብሱና በገላው መካከል ይመላለሳል፤ ሲቀመጡም አይሰበሰብም።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። ብዙ ርካሽ ልብስ ከመግዛት ጥቂት ጥሩ ልብስ ማሰፋት ይሻላል። ቀለማቸው የሚስማማ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጉርድ፣ ሁለት ሸሚዝ ያላት እመቤት እያቀያየረች ብትለብሳቸው ሳምንቱ ይሞላላታል። ነጭ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ፈካ ያለ ግራጫ ለፀሐይ ይስማማሉ። በወር ደመወዝ ለሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ምክር ለመልክ ብቻ ሳይሆን ለኪስም የሚበጅ ነው።

ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ጋር አራተኛውን እኛው እንጨምርበታለን፤ እርሱም ነጠላ ነው። ፈረንሳዊት እመቤት ለማለዳው ብርድ ቀጭን ሻርፕ ፈልጋ ትገዛለች፤ የእኛዋ እመቤት ግን ነጠላዋን ትደርባለች። ማለዳ ትከሻን ይሸፍናል፤ እኩለ ቀን ላይ ታጥፎ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ድንገተኛው ሙቀት ሲመጣ ሳያሳፍር ይወልቃል፤ ሲያልፍም ይመለሳል። ቅድም የጠቀስናቸው የቱላዋ እመቤት በወፍራሙ ሹራብ ፈንታ በልክ በተሰፋ የጥጥ ቀሚስ ላይ ነጠላ ቢደርቡ ኖሮ ስብሰባውን በሰላም በተካፈሉ ነበር።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው እንሂድ። የሸማ ጨርቅ በእጅ የተሠራ ስለሆነ ሽመናው ላላ ያለ ነው፤ ተቆርጦ ሲሰፋ ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል። ብዙ ሴቶች ሸማን ለዘወትር ሥራ የማይመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መድኃኒቱ የፈረንሳይ ስፌት የሚባለው ዘዴ ነው። ሁለቱ ጨርቆች መጀመሪያ ውስጣቸው ከውስጣቸው ተገጥሞ በጠርዙ አጠገብ በጠባቡ ይሰፋሉ፤ ትርፉ ክር ይቆረጣል፤ ከዚያ ይገለበጥና በውስጥ በኩል ሁለተኛ ጊዜ ይሰፋል። የተቆረጠው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ተቀብሮ ስለሚቀር አይተረተርም፤ ገላም አይፈትግም። ከዚህም በቀር ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ውሃ ገብቶ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ቀሚሱ ያጥራል። ይህን ለልብስ ሰፊው መንገር የባለቤቱ ፈንታ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን ርካሹ የውጭ ጨርቅ እያለ ሸማኔውን ማን ይፈልጋል ይሉናል። በእርግጥም በቅርብ ዓመታት የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በማተሚያ የታተመበት የፖሊስተር ጨርቅ ከውጭ እየገባ በየገበያው ተዘርግቷል። መልኩ የእኛ ይመስላል፤ ጠባዩ ግን ከላይ እንደ ተናገርነው ነው። ታዲያ መንግሥት ይከልክል የሚሉ አሉ። ስለዚህ ነገር የፈረንሳይ ታሪክ ትምህርት ይሰጠናል። የፈረንሳይ መንግሥት የሐርና የሱፍ ሠሪዎቹን ለመጠበቅ ሲል ከ1686 እስከ 1759 የህንድን የታተመ የጥጥ ጨርቅ ከለከለ። ሕዝቡ ግን በድብቅ እየገዛ መልበሱን አልተወም፤ 73 ዓመት የቆየውም ክልከላ ተነሣ። ነገሩ የተለወጠው፣ በ1760 ኦበርካምፍ የተባለው ሰው በፓሪስ አጠገብ በዡዊ መንደር ፋብሪካ አቁሞ የውጭውን የሚወዳደር ጨርቅ በዚያው በፈረንሳይ ማተም በጀመረ ጊዜ ነው። እንግዲህ የውጭውን ዕቃ የሚያሸንፈው ከክልከላ ይልቅ የተሻለ የአገር ውስጥ ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን እጅ አላጣንም። የጋሞ ሸማኔዎች በዶርዜ፣ በአዲስ አበባም በሽሮ ሜዳ፣ ድርና ማግ ሲያገናኙ ይውላሉ። በሐዋሳም በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹንም ሴቶችን፣ የስፌት መኪና ሥራ አስተምሯል። እነዚህ ሴቶች ይሰፉት የነበረው ልብስ ለባሕር ማዶ ገበያ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን አጎዋ የተባለውን የቀረጥ ነፃ ዕድል ባነሣች ጊዜ፣ ፋብሪካዎቹ ተጎዱ፤ አንዳንዱም ሥራውን አቁሞ ወጣ። የአገር ውስጥ ገዢ ቢበረታ ኖሮ ጉዳቱ በቀለለ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛዋ እመቤት አንድ የሸማ ቀሚስ ስታሰፋ ገንዘቧ ለፈታዪዋ፣ ለሸማኔውና ለልብስ ሰፊው ይደርሳል።

ስለ ልብስ መጨነቅ ከንቱነት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ከመጠን ያለፈ ጌጥ ከንቱ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን ለሰላሳ ዓመት ቤተ ሰብ ስታለብስ የኖረች ሴት፣ ልጆቿን ከዩኒፎርም እስከ ጋቢ ያሟላች ሴት፣ የራሷን ልብስ በመጨረሻ ወይም ከቶ ሳታስብ መቅረቷ ትሕትና ተብሎ ሊመሰገን አይገባውም። የቤቱ አባወራና ልጆቹ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ለበዓል ከሚገዛው ስጦታ መካከል ለእናት በልኳ የተሰፋ የበጋ ቀሚስ ቢገኝ፣ በሙቀቱ ወራት ሁሉ የሚያገለግላት ይሆናል።

አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለዋል። የፓሪስን ልብስ ተውሶ መልበስ አያደምቀንም። ወርቁን የሚያነጥረውን የአንጥረኛውን ጥበብ መማር ግን ነውር የለበትም። ጥጡ የእኛ ነው፤ ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም በደጃችን ናቸው። የሚጎድለን፣ በዕድሜ የበሰለች እመቤት ለራሷ በልኳና በምቾቷ ማሰፋት ይገባታል የሚለው አሳብ ብቻ ነው። የሚመጣው የካቲት ሳይደርስ፣ በኅዳር፣ ልብስ ሰፊው ሥራ ሳይበዛበት፣ ልካችሁን አስለኩ።