ቆላው ወደ ደጋ ሲወጣ፦ የአየር ንብረት ለውጥ በሰውና በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሬዲዮም በስብሰባም ብዙ ሰምታችኋል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን የሩቅ አገር በረዶ ስለመቅለጡና የባሕር ውኃ ስለመጨመሩ ስለሆነ፣ የእኛን ማሳ የሚነካው በየት በኩል እንደሆነ ሳይገለጽ ይቀራል። ስለዚህ እኔ ዛሬ ነገሩን በአንድ በኩል ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ በከፍታ በኩል።

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ሲከፍሉ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። የሚዘራውን እህል፣ የሚለበሰውን ልብስ፣ ሰውና ከብቱን የሚይዘውን በሽታ አይተው ነው የከፈሉት። በኋላ ባለሙያዎች በሜትር ሲለኩት ቆላው እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋው ከዚያ እስከ 2,300፣ ደጋው እስከ 3,200 ገደማ፣ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ሆኖ ተገኘ። ይህን ክፍፍል በዋናነት የሚወስነው ሙቀት ነው። ሽቅብ ስንወጣ በየ100 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል።

አሁን ሌላ ቁጥር ልጨምር። የአገራችን አማካይ ሙቀት ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ለጆሮ ትንሽ ነው፤ በማለዳና በቀትር መካከል ያለው ልዩነት እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን 1.3 ዲግሪን ወደ ከፍታ ስንመልሰው ከ200 ሜትር ጥቂት በላይ ይሆናል። በሙቀት ብቻ ካየነው፣ ዛሬ 2,400 ሜትር ላይ ያለ ማሳ አያቶቻችን 2,200 ሜትር ላይ ያርሱት የነበረውን ማሳ መስሏል ማለት ነው። ደጋ ተብሎ የተወረሰው መሬት ከቦታው ሳይነቃነቅ ወይና ደጋ ሆነ።

ምክንያቱን ባጭሩ ልናገር። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ 280 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህ ጋዝ ምድር ወደ ላይ የምትመልሰውን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። የጨመረው በዋናነት በበለጸጉት አገሮች በተቃጠለው ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ነው፤ የደን መጨፍጨፍም ድርሻ አለው። የእኛ ገበሬ ምድጃ ከዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ጥፋተኛ ናችሁ ልላችሁ አልመጣሁም። ጉዳቱ ግን የሚደርሰው በጥፋት መጠን አይደለም።

ከጉዳቱ አስቀድሜ የሰውን ጤና አነሣለሁ፤ ደጋ ላይ ያለ ሰው ወባን የቆላ በሽታ ነው ብሎ ስለሚንቀው ነው። የወባ ተሐዋሲ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ ሙቀት ይፈልጋል። አየሩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ከሚሆነው ወሰን በታች ሲወርድ እድገቱ ይቆማል፤ ተሐዋሲው ሳይደርስ ትንኟ ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ደጋውን ለዘመናት የጠበቀው ይህ ብርድ ነው። አሁን ብርዱ እየሳሳ ነው።

በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. የደረሰውን የወባ ወረርሽኝ በዕድሜ የገፉት ያስታውሱት ይሆናል። ጊዜው ከወትሮው የሞቀና ዝናብ የበዛበት ነበር። በሽታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን አገር አዳረሰ። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ይህን ያህል ሰው የፈጀበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቆለኛው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲታመም ስለሚያድግ ሰውነቱ በመጠኑ ይለምደዋል፣ ደገኛው ግን ሰውነቱ አያውቀውም። በሽታው ቤት ሲገባ ሕፃንና ሽማግሌ ሳይለይ ጎልማሳውንም ይጥላል። በቅርቡ ደግሞ በደብረ ዘይት አካባቢ የወባ መዝገቦች ላይ ተመሥርቶ በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ፣ ቀዝቀዝ ባሉ ዓመታት ተመልሶ እንደሚወርድ አሳይቷል። ሙቀቱ እየጨመረ ከሄደ የሚወርድበት ዓመት እያነሰ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የእኛን ኑሮ አስቡት። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ድሮም ታመው ይመለሱ ነበር፤ ነገር ግን ደጋው ላይ በሽታውን ከእነሱ ወደ ጎረቤት የሚያዛምት ነገር ስላልነበረ ጉዳቱ እነሱው ላይ ይቆም ነበር። አሁን ወይና ደጋው ጫፍ ላይ ባሉ ቀበሌዎች ይህ መተማመኛ እየጠፋ ነው። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ሰው ቢያተኩሰው «የመንገድ ድካም ነው» ተብሎ መተኛት የለበትም። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሄዶ ይመርመር። አጎበርም ቢሆን እህል መሸፈኛና ገመድ መግመጃ እየሆነ የሚቀርበት ቤት እንዳለ እናውቃለን፤ እናንተ ቤት ይህ እንዳይታይ። ጎረቤት የሚያየው የእናንተን ቤት ነው።

ወደ ሰብሉ ልመለስ። በዚህ በኩል ለውጡ መጀመሪያ ላይ መልካም ዜና መስሎ ይመጣል። ገብስና ባቄላ ብቻ ይበቅልበት የነበረ ቦታ ጤፍ ያበቅላል፤ በቆሎ በጓሮ ተሞክሮ ፍሬ ይይዛል። ደስ ይላል፤ ደስታውን አላጣጥልም። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን አብረን እንይ።

የመጀመሪያው ውርጭ ነው። አማካይ ሙቀት ጨመረ ማለት ውርጭ ጠፋ ማለት አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ባለበት የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ሁሉ ይለቃል፤ በሸለቆና በረባዳ ቦታ ቀዝቃዛው አየር ይተኛል። አምስት ዓመት በደህና የደረሰ በቆሎ በስድስተኛው ዓመት በአንድ ሌሊት ይለበለባል። ገብስ ግን ከዚህ ሌሊት ጋር አብሮ የኖረ እህል ነው። አዲሱን ሰብል የሚሞክር ሰው ከረባዳው ርቆ ተዳፋቱ ላይ ይሞክር፤ ማሳውን በሙሉ አይስጠው።

ሁለተኛው የገብሱና የስንዴው ጉዳይ ነው። ሙቀት ሲበዛ ሰብል ይቸኩላል። ቶሎ ያሸታል፣ ቶሎ ይደርሳል፤ ፍሬ የሚሞላበት ቀን ግን ያጥራል። ነዶው ዓይን ይሞላል፣ ሲወቃ ፍሬው ቀጭጮ ይገኛል። ጥራቱ ወርዶ ገበያ ላይ በዋጋ የሚቀጣው ይኸው እህል ነው። የማሽላና የበቆሎ አገዳ ቆርቁርም እንዲሁ በሙቀት ቶሎ ቶሎ ስለሚራባ፣ አንድ ጊዜ ያጠቃው የነበረውን ማሳ ደጋግሞ ይመጣበታል።

ሦስተኛው ዘር ነው፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አገራችን በገብስ ዓይነት ብዛት በዓለም ከታወቁት አንዷ ናት። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ለቆሎ የሚሆነው፣ ለጠላ የሚመረጠው፣ ቶሎ ደርሶ የክረምቱን ረሀብ የሚያሻግረው እያልን የምንለየው ሁሉ በገበሬ እጅ የተመረጠ ነው። ደገኛው በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ጤፍ ከዞረ የገብሱ ዘር በጎተራ አይቆይም፤ ይበላል ወይም ይነቅዛል። አንድ ክፉ ዓመት መጥቶ ወደ ገብስ ልመለስ ሲል የሚመለስበት ዘር ያጣል። ከየማሳችሁ አንድ ጥግ፣ ትንሽም ብትሆን፣ በየዓመቱ ለነባሩ ዘር ትሁን። ገበያ ላይ ላያዋጣ ይችላል። ቢሆንም ይዘራ።

ዝናቡን በተመለከተ ሁላችሁም ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ አላስረዝምም። የሞቀ አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህን እርጥበት ከማሳችን ጠጥቶ ይወስዳል፣ ሲመልሰውም በአንድ ቀን ያወርደዋል። ደረቁ ጊዜ ይበልጥ የሚደርቀው፣ ዝናቡ ሲመጣ አፈር ጠርጎ የሚሄደው ለዚህ ነው። እያንዳንዱን ድርቅ ግን በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ ልክ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው ለዕለት ደራሽ እርዳታ የዳረገው ድርቅ ኤል ኒኞ ከሚባለው የውቅያኖስ መሞቅ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ኤል ኒኞ ደግሞ ድሮም ነበረ። ልዩነቱ አሁን የሚመጣው ቀድሞውኑ በሞቀና በደረቀ መሬት ላይ መሆኑ ነው።

በሰሜን ወሎ ቆላዎች ያሉ ገበሬዎች ለዚህ ያላቸው ዘዴ ልንማርበት የሚገባ ነው። በሚያዝያ ዝናብ ከመጣ እንደ ደጋሌት ያለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ይዘራሉ። ዝናቡ ከቀረ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ፣ እሱም ካልሆነ በሐምሌ ጤፍ፣ መጨረሻ ላይ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ። እያንዳንዱ ዘር ቀድሞ ቤት ውስጥ ከሌለ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ሐምሌ ላይ ዘር ፍለጋ ገበያ የወጣ ሰው ዘግይቷል። አሁን ደገኛውም እንዲህ ያለ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕቅድ ያስፈልገዋል።

ስለ ተራራው ጫፍ ሳልናገር አልጨርስም። እስካሁን እንዳልኩት ሰውም እህልም በሽታም ወደ ላይ መውጣት ይችላሉ። ጫፍ ላይ ያለው ፍጥረት ግን የሚወጣበት የለውም። ጉናና ጮቄ ከ4,100 ሜትር ገደማ አያልፉም፤ ራስ ዳሸንም ከ4,500 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጅባራው፣ የጓሳው ሣር፣ ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮው በዚያ ጠባብ ብርድ ውስጥ የቀሩ ናቸው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን ያደገው ቁጥሩ 500 ገደማ ነው። ከታች ሙቀቱ ይገፋዋል፤ ከጎን ማረሻው። በሰሜን ተራሮች ገብስ ከ3,500 ሜትር በላይ እየታረሰ ነው፤ እስካሁን የጎዳውም በዋናነት እርሻውና ግጦሹ ነው፤ ሙቀቱ ይህን ያባብሰዋል። «ቀበሮ ቢጠፋ ምን ይጎድልብናል?» የሚል ይኖራል። ቀበሮው የሚበላው አይጥ ነው፤ አይጡ የሚበላው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያም በላይ፣ ጫፉ ላይ ያለው ሣርና ረግረግ ክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ለምንጮቻችን የሚለቅ ነው። ጫፉ ሲታረስ ከታች ያለው መስኖ ይነጥፋል። የመንዝ ሰዎች ጓሳን በቄሮ ሥርዓት፣ ለዓመታት እየዘጉና በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈቱ፣ ለብዙ ዘመን ጠብቀውት ኖረዋል። ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ይጠቀሙበታል፤ አልታረሰም። ከተራራ ግርጌ ያላችሁ ቀበሌዎች ከላይ ካሉት ጋር ተነጋግራችሁ ተመሳሳይ ወሰን ማበጀት ትችላላችሁ። ከላይ ያለው ሰው መሬት ሲከለከል በምን እንደሚኖር ሳይነጋገሩ ግን ወሰኑ አንድ ክረምትም አይቆይም።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ አለ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ ደብተር ይሰጣችኋል። የሚጻፈው ትንሽ ነው፦ መሬት ያራሰ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበት ቀን፣ ምን ቀን ምን እንደዘራችሁ፣ ዝናቡ ያቋረጠበት ቀን፣ ውርጭ የመታበት ሌሊትና የመታው ማሳ፣ በቤት ወይም በጎረቤት ወባ የታመመ ሰው ካለ ወሩ። መጻፍ የማይመቸው ከትምህርት ቤት ልጁ ጋር ይሥራ። ደብተሮቹን በጥር ወር በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል እናመሳክራቸዋለን፤ የቀጣዩን ዓመት የዘር ጥያቄ የምናቀርበውም በእነሱ ላይ ተመሥርተን ነው። አሁን ከሻይ በኋላ ወደ ሠርቶ ማሳያው እንውጣ፤ ሁለቱን የገብስ መደቦች ጎን ለጎን ታዩዋቸዋላችሁ።