በባዕድ አገር የደረሰ ኀምሳኛ ዓመት
(በቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)



በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ስለ ኢዮቤልዩ የተጻፈው ሕግ ለሁሉ የታወቀ ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ ከተፈጸመ በኋላ 50ኛው ዓመት የተቀደሰ ይሆናል፤ መለከት ይነፋል፤ የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በድኽነት ምክንያት ለሌላ ያደረ ሰውም ነጻ ይወጣል። ከዚህም ጋር አንድ ትእዛዝ ተጨምሯል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰው ወደ ወገኑ ይመለስ ዘንድ ነው። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የዝማሬና የእልልታ ዓመት ብቻ አይደለም፤ የተለያየ ቤተ ሰብ የሚገናኝበትም ዓመት ነው።

ነገር ግን ስለ ወንጌልና ስለ ድኾች ፍቅር ከአገራቸው ወጥተው፣ 50ኛው ዓመታቸው በባዕድ ምድር የደረሰባቸው፣ በዚያም ዓመት ወደ ወገናቸው ለመመለስ ያልተቻላቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ዶክቶር አልበርት ሽዋይትዘር ነው። ይህ ሰው በነገረ መለኮት የጻፈው ብዙዎችን ያከራከረ ነው፤ ዛሬ የሚነገረው ግን ስለ መጽሐፎቹ ሳይሆን ስለ ቤቱ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ልጁ ነው። የሚጠሩትም ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አልበርት ሽዋይትዘር በ1875 ጃንዋሪ 14 ቀን በአልሳስ ምድር በካይዘርስበርግ ከተማ ተወለደ። አልሳስ ያን ጊዜ በጀርመን መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የፈረንሳይ ክፍል ናት። አባቱ የወንጌላውያን ቄስ ሲሆን፣ ልጁ በተወለደበት በዚያው ዓመት ወደ ጉንስባኽ መንደር ስለ ተዛወረ ሕፃኑ ያደገው በዚያ ነው። በጐለመሰም ጊዜ የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ዶክቶር፣ የታወቀ የኦርጋን ተጫዋች፣ በስትራስቡርግም የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆነ።

በ1896 በበዓለ ጰራቅሊጦስ ጊዜ፣ ገና የ21 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፣ በአባቱ ቤት ሆኖ በልቡ ቃል ገባ። እስከ 30 ዓመቱ ድረስ ለትምህርትና ለዜማ ሊኖር፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰዎችን በቀጥታ በሚረዳ ሥራ ሊያገለግል ወሰነ። እግዚአብሔር የሰጠውን መልካም ነገር ሁሉ ለራሱ ብቻ ይዞ መቀመጥ የማይገባው ሆኖ ታይቶት ነበርና። በ1904 መጸው በፓሪስ የወንጌል መልእክት ማኅበር መጽሔት ላይ በጋቦን ሠራተኛ እንደ ጠፋ አነበበ። 30ኛው ዓመቱም በ1905 ሲፈጸም፣ ግንብ ሊሠራ አስቦ አስቀድሞ ኪሣራውን እንደሚቈጥር በወንጌል እንደ ተነገረለት ሰው ሆኖ ልደቱን አከበረ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 13 ቀን ሕክምና ተምሮ ወደ አፍሪቃ ለመሄድ መቍረጡን የሚያስታውቁ ደብዳቤዎች በፓሪስ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ጣለ። ዘመዶቹና ወዳጆቹ እጅግ ተቃወሙት፤ እርሱ ግን ከቃሉ አልተመለሰም።

ሚስቱ ሔሌኔ ብሬስላው የታሪክ መምህር ልጅ ነበረች። በስትራስቡርግ ከተማ ለድኻ አደጎች ስታገለግል ቈይታ፣ ለአፍሪቃው ሥራ ብላ የአስታማሚነትን ሙያ ተማረች። በ1912 ተጋቡ፤ በ1913 በዓርብ ስቅለት ዕለት ከጉንስባኽ ተነሥተው በአፕሪል ወር በኦጎዌ ወንዝ ዳር ላምባሬኔ ደረሱ። የመጀመሪያው የሕክምና ክፍል አሮጌ የዶሮ ቤት ነበረ። ሔሌኔም የቀዶ ጥገናውን ዕቃ ስታዘጋጅ፣ ሕሙማንን በመድኃኒት ስታስተኛ፣ ቤቱንም ስትጠብቅ የሥራው እኩሌታ በእርስዋ ትከሻ ላይ ነበረ።

በ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ባልና ሚስቱ በጀርመን ዜግነታቸው ምክንያት በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ውስጥ እንደ ጠላት ተቈጠሩ፤ በ1917ም ወደ ፈረንሳይ ተወስደው ታሰሩ። የሽዋይትዘር እናት በ1916 በጦር ፈረሶች ተረግጣ ስትሞት እርሱ በአፍሪቃ ነበረ። ከእስራት ተፈትተው ወደ አልሳስ ከተመለሱ በኋላ በ1919 ጃንዋሪ 14 ቀን ሬና የምትባል አንዲት ልጅ ተወለደችላቸው። ያ ቀን የአባትየው 44ኛ የልደት ቀን ነበረ። በኢትዮጵያ ቍጥር ዕለቱ ጥር 6 ቀን 1911 ዓመተ ምሕረት፣ ሕፃኑ ጌታ በእናቱ እቅፍ ሳለ ስም የተሰጠበት የግዝረት በዓል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ አንድ የልደት ቀን ኖራቸው፤ ነገር ግን ያን ቀን በአንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው የሚያከብሩበት ዓመት ጥቂት ሆነ።

በ1924 ሽዋይትዘር ወደ ላምባሬኔ ሲመለስ ሔሌኔ ከእርሱ ጋር ለመሄድ አልቻለችም። ጤናዋ በሕመም ደክሞ ነበር፤ ልጂቱም 5 ዓመቷ ነበረ። እርስዋ መሄዱን ባትፈቅድለት ኖሮ የተጀመረው ሥራ በፈረሰ ነበር። እርሱም ስለዚህ መሥዋዕት እርስዋን ማመስገን እንዳላቋረጠ ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ መስክሯል።

ላምባሬኔ በደረሰም ጊዜ ከቤቶቹ አብዛኞቹ ፈርሰው፣ ጣራቸው ወድቆ፣ ሣርና ቍጥቋጦ በቅሎባቸው አገኘ። ጠዋት ሐኪም፣ ከሰዓት በኋላ አናጢና ግንበኛ ሆኖ ይሠራ ጀመር። ጃንዋሪ 14 ቀን 1925 የደረሰው በዚህ ድካም መካከል ነው። በዚያ ቀን አባትየው 50 ዓመት ሞላው፤ በዚያው ቀን ልጂቱ በኤውሮፓ 6 ዓመት ሞላት። መርከብ ከኤውሮፓ እስከ ኦጎዌ ሳምንታት የሚፈጅበት ዘመን ስለ ነበረ፣ ለዚያ ቀን የሚደርስ የመልካም ምኞት ደብዳቤ በዲሴምበር ወር መላክ ነበረበት። ኦሪት ሰው ወደ ወገኑ ይመለስ ባለችበት በ50ኛው ዓመት በአባትና በልጅ መካከል ባሕር ተዘርግቶ ነበር።

በላምባሬኔ ሐኪም ቤት አንድ የታወቀ ልማድ ነበረ። ሕመምተኛው ብቻውን አይመጣም፤ ሚስቱ፣ እናቱ ወይም ወንድሙ አብሮት በታንኳ ይመጣል፤ አጠገቡ እሳት አንድዶ ምግቡን ያበስልለታል፤ እስኪድንም ድረስ አብሮት ይቀመጣል። ሐኪሙ ይህን ልማድ አልከለከለም፤ ቤቶቹንም ለዚህ እንዲስማሙ አድርጎ ሠራቸው። እንግዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ከወገኑ ጋር ሲኖር፣ ከወገኑ ተለይቶ የኖረው ሐኪሙ ራሱ ነበረ።

በልደቱ በአራተኛው ወር፣ በሜይ 1925፣ አባቱ በጉንስባኽ ሞተ፤ ልጁ አልቀበረውም። በዚያው ዓመት ራብና የተቅማጥ ወረርሽኝ ስለ ተነሣ ሐኪም ቤቱን ሰፊ ወደ ሆነ ሥፍራ ማዛወር ግድ ሆነ። ሁለት ዓመት ብቻ ሊቈይ አስቦ የሄደ ሰው ሦስት ዓመት ተኩል ቈየ። በ1927 ክረምት ሲመለስ፣ የ5 ዓመት ሕፃን ትቷት የሄደው ሬና 8 ዓመት ሞልቷት ነበር። የ1925፣ የ1926ና የ1927 ጃንዋሪ 14 ቀኖች አባትና ልጅ ሳይተያዩ አለፉ።

ዓለም ከዚያ በኋላ ለዚህ ሰው ብዙ ክብር ሰጠ። የ1952ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብሎ ገንዘቡን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ማሠሪያ አዋለው። አፍሪቃውያንን እንደ ታናሽ ወንድም፣ ራሱንም እንደ ታላቅ ወንድም አድርጎ መናገሩ በኋላ ዘመን በብዙዎች ተነቅፏል፤ ነቀፋውም እውነት አለበት። ሆኖም ከሚያመሰግኑትም ከሚነቅፉትም ብዙዎች የሚረሱት ነገር አንድ ነው፤ የዚያ ሥራ ዋጋ በአንድ ሰው ብቻ እንዳልተከፈለ ነው። ወደ አፍሪቃ የተላከው ሰው በፈቃዱ ሄደ። ልጂቱን ግን ፈቃዷን የጠየቀ አልነበረም። እናትየውም በሕመምዋ ላይ የአባትንና የእናትን ድርሻ ሁለቱን ተሸከመች።

ሔሌኔ ከዚያ ወዲያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1941፣ በሊዝበንና በአንጎላ በኩል ብዙ አደጋ አልፋ ወደ ላምባሬኔ መጣች፤ ባልዋ በ1945 70 ዓመት ሲሞላው አጠገቡ ነበረች። በ1957 በዙሪክ ከተማ ዐረፈች፤ ዐመድዋም በላምባሬኔ ተቀበረ። ሬና አድጋ፣ ባል አግብታ፣ ልጆች ወልዳ፣ የላቦራቶሪ ሥራ ተምራ በአባትዋ ሐኪም ቤት ልታገለግል መጣች። በ1965 ጃንዋሪ 14 ቀን፣ ጋቦን ነጻ መንግሥት ከሆነች በአምስተኛው ዓመት፣ አባትየው በላምባሬኔ 90 ዓመት ሲሞላው ልጂቱ 46 ሞላት። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 4 ቀን ሽዋይትዘር በዚያው ዐረፈ፤ ከእርሱም በኋላ የሐኪም ቤቱን አስተዳደር ሬና ተቀብላ ለጥቂት ዓመታት መራችው።

እንግዲህ የኢዮቤልዩ ሕግ በዚህ ቤት ዘግይቶና በሌላ መንገድ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። እርሱ ወደ ወገኑ አልተመለሰም፤ ወገኑ ወደ እርሱ መጣ። ሚስቱ በሞትዋ፣ ልጁም በእጆችዋ ሥራ መጡ። ይህ መጽናናት ነው፤ ነገር ግን ያለፈውን የልጅነት ዘመን የሚመልስ መጽናናት አይደለም። የስድስት ዓመት ልጅ የልደት ቀን አንድ ጊዜ ካለፈ በማንም ሽልማት አይገዛም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ይህች ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ዓመቶችዋን ስትቈጥር፣ ያገለገሉአትን ካህናትና ሰባክያን፣ የሠሩአትን ሽማግሎች ስም ትጠራለች፤ መጥራትዋም የተገባ ነው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ አንድ ቤት አለ። ሌሊት ለማኅሌት የሚነሣው ካህን ከቤቱ ሲወጣ የታመመ ልጅ ታቅፋ የምታድር ሚስት አለች። ቃለ እግዚአብሔር ሊማር በልጅነቱ ወጥቶ የቀረውን ተማሪ በየበዓሉ የምታስብ እናት አለች። በአሜሪካና በዐረብ አገር ሠርተው ለዚህች ቤተ ክርስቲያን ጣራና ደወል ገንዘብ የላኩ ልጆች አሉ፤ ልደታቸውንም በዓላቸውንም በባዕድ ምድር ይውላሉ።

ስለዚህ የዚህ ኢዮቤልዩ መለከት ለእነዚህም ይነፋ። የአገልጋዮች ስም በመዝገብ ሲጻፍ የሚስቶቻቸውና የልጆቻቸው ስም አብሮ ይጻፍ። በሩቅ ላሉት ደብዳቤ ይላክ፤ በቅርብ ያለውም አገልጋይ በየጊዜው ወደ ቤቱ የሚመለስበት የዕረፍት ቀን ይሰጠው። ቤተ ክርስቲያን ሰውን መላክ ብቻ ሳይሆን መመለስም ታውቅ ዘንድ ይገባታልና፤ የኢዮቤልዩ ሕግ ይህን ያዛል።

ዘመናትን የሚሰጥ፣ የተበተኑትንም የሚሰበስብ እግዚአብሔር በቅርብ ያሉትንም በሩቅ ያሉትንም ልጆቻችሁን ይጠብቅ። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።