ከመቶ ስንት?

ሰላም፦ ዳዊት፣ ሃያሲ ለአንድ ጌም ከመቶ 90 ሰጠ ሲባል አምነህ ትገዛለህ?

ዳዊት፦ መጀመሪያ በምን ላይ ተጫውቶ ነው እላለሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሳይበርፓንክ 2077 አስታውሺ።

ሰላም፦ ነጥቡ እኮ ሰማይ ነክቶ ነበር!

ዳዊት፦ አዎ፤ ግን ከመውጣቱ በፊት ለሃያሲያን የተላከው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነው። ለፕሌይስቴሽን 4 የገዛው ሰው ምስሉ እየተንቀራፈፈ፣ ጌሙ በየመሀሉ እየተዘጋ ተናደደ። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ጌሙን ከመደብሩ አውርዶ ገንዘብ እስከ መመለስ ደረሰ።

ሰላም፦ ታዲያ ሃያሲው ያልተሰጠውን ከየት አምጥቶ ይፈትሽ? “ይሄን ብቻ ነው ያየሁት” ብለው የጻፉም ነበሩ።

ዳዊት፦ ነበሩ፤ ቁጥሩ ግን ዋጣቸው። የሃያሲያንን ነጥብ በሚሰበስበው ድረ ገጽ፣ ሜታክሪቲክ ላይ ቀድሞ ዓይን የሚገባው አማካዩ ነዋ!

ሰላም፦ እሱ አማካይ የሠራተኛም ኪስ ይነካል። ፎልአውት ኒው ቬጋስ የተባለውን ጌም የሠራው ኦብሲዲያን ቦነስ ለማግኘት 85 ያስፈልገው ነበር። 84 መጣ።

ዳዊት፦ በአንዲት ነጥብ!

ሰላም፦ በአንዲት። ያሳዝናል፤ እኔ ቁጥሩ ጭራሽ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ዳዊት፦ እዚህ ላይ አንስማማም። ገንዘቡ ለአንድ ጌም ብቻ የሚበቃው ልጅ ፈጣን ፍንጭ ይፈልጋል።

ሰላም፦ የጌም ድረ ገጹ ዩሮጌመር ቁጥሩን በ2015 እ.ኤ.አ. ትቶት የለ?

ዳዊት፦ ትቶት ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በኮከብ መልክ መለሰው እንጂ።